አንቲባዮቲክ የክትባት ምትክ አይደለም

በጎንደር ከተማ ጓሮም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋ ዶሮ ታመመ ሲባል አስቀድሞ የሚፈለገው መድኃኒት ነው። አርቢው ገበያ ወርዶ የኦክሲቴትራሳይክሊን ዱቄት ይገዛል፤ ይህን ያጣ እንደሆነም ለሰው የሚሰጠውን የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈትቶ በውሃ ይበጠብጣል፤ ወይም ከእንጀራ ጋር ለውሶ ይሰጣል። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና አረቄ የመስጠቱ የቆየ ልማድም አልቀረም። ዶሮዎቹ ካለቁ «መድኃኒቱ ደካማ ነው» ይባላል፤ ከተረፉ ደግሞ «መድኃኒቱ አዳናቸው» ይባላል። በሁለቱም በኩል የሚዘነጋው «ለመሆኑ በሽታው ምን ነበር?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህን አስተያየት የምናቀርበው ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። አሳባችን አጭር ነው። አንቲባዮቲክ ለዶሮ የበሽታ መከላከል ኃይል አይሰጥም፤ ያለ ቦታው ሲሰጥ እንዲያውም ያንኑ ኃይል ሊያዳክም ይችላል። ስለሆነም ማኅበራት ገንዘባቸውንና ጉልበታቸውን ከመድኃኒት በፊት በክትባት ላይ ማዋል ይገባቸዋል እንላለን።

የአርሶ አደሩን ጓሮ በጥቂት ቀናት ባዶ የሚያስቀረው ዋናው በሽታ ፈንግል ነው። ፈንግል የሚመጣው በቫይረስ ነው። አንቲባዮቲክ የሚያጠቃው ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይደለም። ስለዚህ ለፈንግል ኦክሲቴትራሳይክሊን መስጠት የማይከፍተውን ቁልፍ በበሩ ላይ ማዞር ነው። የጉምቦሮ በሽታም እንዲሁ የቫይረስ በሽታ ነው። ይህ በሽታ በተለይ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ዕድሜ ያላቸውን ጫጩቶች ይይዛል። የሚያጠቃውም ከኩስ መውጫው በላይ የሚገኘውንና በሽታ ተከላካይ ሴሎች የሚበስሉበትን ትንሽ ዕጢ ነው። ከጉምቦሮ የተረፈ ጫጩት በኋላ የፈንግል ክትባት ቢሰጠው ሰውነቱ በሚገባ አይቀበለውም። ይህን ያልተረዳ አርቢ «ክትባቱ አልሠራም» ብሎ ወደ መድኃኒቱ ይመለሳል።

መድኃኒቱ የመከላከል ኃይልን እንዴት ሊያዳክም ይችላል? በጤነኛ ዶሮ አንጀት ውስጥ ብዙ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እነዚህ ምግብ እንዲፈጭ ይረዳሉ፤ የጎጂዎቹን ቦታ ቀድመው ይይዛሉ፤ የሰውነትን የመከላከል ሥርዓትም ያሠለጥናሉ። ከእናቱ ሥር የተፈለፈለ ጫጩት እየጫረ ሲለቅም እነዚህን ያገኛል፤ ከማስፈልፈያ መሣሪያ የወጣው ግን አያገኝም። ኑርሚና ራንታላ የተባሉ የፊንላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጽሑፍ፣ የጤነኛ ትልልቅ ዶሮዎችን የአንጀት ይዘት ያገኙ አዲስ ጫጩቶች ሳልሞኔላን መቋቋም መቻላቸውን አሳይተዋል። ጫጩቱን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ በመድኃኒት ማጠጣት ይህንኑ የተፈጥሮ አጥር እንደ ማፍረስ ይቆጠራል። ለክትባት የሚሰጠውን ምላሽ በተመለከተ ግን የጥናቶቹ ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም፤ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት፣ እንደ መጠኑና እንደ ጫጩቱ ዕድሜ ይለያያል። ሆኖም ሕያው ባክቴሪያ ያለበትን ክትባት፣ ለምሳሌ የዶሮ ታይፎይድን፣ አንቲባዮቲክ ራሱ ስለሚገድለው ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት ክትባቱን ከንቱ ማድረግ ነው።

አንዳንድ የልማት ሠራተኞች «ክትባት ባልደረሰበት ቀበሌ ባዶ እጃችንን እንቁም ወይ?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አምስት ዶሮ ያላት እናት ጨው የምትገዛውና ለልጇ ደብተር የምታሟላው ከእንቁላሉ ነው፤ ስትለምን እያዩ «ምንም የለኝም» ማለት ይከብዳል። እኛም ብንሆን ቀደም ሲል በሥልጠና ላይ ለአዳዲስ ጫጩቶች አንቲባዮቲክ ከቫይታሚን ጋር በልማድ እንዲሰጥ ስንመክር ቆይተናል። ዛሬ ስሕተት እንደ ነበረ እናምናለን። ለዚያች እናት የማይሠራ መድኃኒት መስጠት የቀረቻትን ጥቂት ገንዘብ መውሰድ ነው። የታመመውን መለየት፣ የሞተውን መቅበር፣ ከታመመ ጓሮ ዶሮ ወደ ገበያ አለማውጣት የበለጠ ይጠቅማታል።

ደግሞስ ክትባት ከጓሮ የማይደርስበት ምክንያት ምንድን ነው? አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላም ሊቀመጥ አይችልም። ለአምስት ዶሮ ብሎ የሚከፍተው የለም። ይህ የማደራጀት ችግር እንጂ የሳይንስ ችግር አይደለም። ችግሩን ለመፍታት ከኅብረት ሥራ ማኅበር የተሻለ አካል አናይም።

ያለ አግባብ የተሰጠ መድኃኒት ጉዳቱ ለሰውም ይተርፋል። መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎች ከዶሮ ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ስዊድን አንቲባዮቲክን ለማሳደጊያ ብሎ በመኖ መቀላቀልን እ.ኤ.አ. በ1986 ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2006 ጀምሮ አቆመ። በቻይና እ.ኤ.አ. በ2015 ኮሊስቲንን የሚቋቋምና ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ ዘረ መል መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ ያች አገር ኮሊስቲንን ለማሳደጊያ መጠቀምን ከ2017 ጀምሮ አግዳለች። በእኛም አገር የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ወጥቷል። ነገር ግን የገበያውን ካፕሱል አዋጅ ብቻውን አያስቀረውም።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1. ማኅበሩ በየጎጡ የክትባት ቀን ይወስን፤ የአባላቱን ዶሮዎች ቆጥሮ ይመዝግብ። በቢሾፍቱ የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚዘጋጀው ሙቀት የሚቋቋም የፈንግል ክትባት በዐይን ጠብታ ይሰጣል፤ በየ3 እስከ 4 ወሩም ይደገማል። አንዱ ዙር ክረምት ከመግባቱ በፊት ይሁን። ሙቀት ይቋቋማል ተብሎ ግን ፀሐይ ላይ አይተው።

2. በውሃ የሚሰጥ ክትባት ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ አይበጠበጥ፤ ንጹሕ የምንጭ ውሃ ይመረጥ።

3. የታመመ መንጋ አይከተብ፤ ጤነኛው ይከተብ።

4. አንቲባዮቲክ የሚሰጠው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የባክቴሪያ በሽታ መሆኑን ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። መጠኑና ቀኑ ይሟላ። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመቆያ ጊዜ ሳያልቅ እንቁላሉም ዶሮውም ለበዓል ገበያ አይውጣ።

5. በደጋው ብርድ ቤቱን ማሞቅ ተገቢ ነው፤ ሆኖም አየር መግቢያው አይደፈን። ከረጠበ ጉዝጓዝ የሚወጣው ሽታ ሳንባን ይጎዳል፤ በዚህ የመጣ ሳል በመድኃኒት ብቻ አይወገድም።

በመጨረሻም የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወይም የልማት ሠራተኛው መጋዘኑን ሲከፍት በመደርደሪያው ላይ ያለውን ይመልከት። የመድኃኒቱ ዱቄት ሞልቶ የክትባት ቀን መዝገብ ከሌለ፣ ማኅበሩ ለአባላቱ ገና ጤና አላቀረበላቸውም። ከመዝገቡ ይጀመር።