በአንድ ቤት ሁለት ድስት

ማክሰኞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ የአበሻ ቤተሰብ በሚኖርበት አፓርታማ ብዙ ጊዜ የሚታየው እንዲህ ያለ ነው። ልጆቹ ቴሌቪዥኑ ፊት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ከወረቀት ሣጥን ውስጥ ጣፋጭ ዶሮ በሩዝ ይበላሉ። እናት ከአረጋውያን መጦሪያ የቀን ተራዋን ጨርሳ የመጣች ናት፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ቆማ የእሑዱን ሽሮ ታሞቃለች። አባት ታክሲውን ወይም ኡበሩን አቁሞ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲገባ ልጆቹ ጠግበው ተነሥተዋል፤ እናትም ቆማ ቀማምሳለች፤ እሱ ብቻውን ይቀርባል። ጠብ የለም፤ ኩርፊያም የለም። በአንድ ቤት ሦስት እራት ተበልቶ መብራት ይጠፋል።

በማኅበርና በቡና ላይ ይህ ነገር ሲነሣ ጥፋቱ የሚጣለው በልጆቹ ላይ ነው። «እንጀራ ጠሉ»፣ «ፈረንጅ ሆኑ»፣ «ነገ ቋንቋውንም ይተዉታል» ይባላል። እውነቱን ለመናገር ግን ልጅ የሚበላው ፊቱ የቀረበለትን ነው። ሣጥኑ የሚያሸንፈው የፈረንጅ ስለሆነ አይደለም፤ ቶሎ ስለሚደርስና ስለሚጣፍጥ ነው። ዶሮ ወጥ ደግሞ የማክሰኞ ምግብ አይደለም። ሽንኩርቱ ብቻውን፣ ያለ ዘይት በዝግታ ሲቁላላ፣ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ዶሮው እስኪገነጠልና እስኪታጠብ፣ እንቁላሉ እስኪቀቀል ሲታሰብ ከሰዓት በኋላው በሙሉ ያልቃል። ስለዚህ ለፋሲካ፣ ለገናና ለእንቁጣጣሽ ይቀመጣል። ከበዓል እስከ በዓል ያሉት ማክሰኞዎች ግን ባለቤት የላቸውም፤ ሣጥኑም የገባው በዚያው ክፍት በር ነው።

ይህ በር የሚዘጋው ልጅን በመገሠጽ ሳይሆን በድስት ነው። ልጁ የሚወደውን ጣፋጭ ዶሮና ሩዝ እዚያው ቤት ውስጥ፣ በበርበሬና በማር፣ ለመላው ቤተሰብ መሥራት ይቻላል። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ የሚገጥመው ተቃውሞ ግን ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው «ማር በዶሮ ላይ! ይህ የእኛ ምግብ አይደለም» የሚለው ነው።

የእኛ የሚባለው ከየት ይጀምራል? በርበሬ ራሱ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1492 በፊት በኢትዮጵያ ምድር የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ዛሬ ከአዲስ አበባ ተፈጭቶ፣ በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ በሻንጣ ወደ ዋሽንግተን የሚመጣው በርበሬ ወደ ዘመዶቹ እየተመለሰ ነው ማለት ይቻላል። ሩዝም ቢሆን እንግዳ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ በጣና ሐይቅ ምሥራቅ ባለው በፎገራ ሜዳ ገበሬው ሩዝ ያመርታል፣ ከጤፍ ጋር ቀላቅሎም እንጀራ ይጋግረዋል። ጅግጅጋን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሩዝና ሥጋ በአንድ ትሪ ቀርቦ፣ ዘቢብ ጣል ጣል ተደርጎበት፣ በጎኑ ሙዝ ተቀምጦ አይቷል። ሙዙን ከሥጋው ጋር መጉረስ እዚያ የሚያስቅ ነገር አይደለም። የዶሮ ወጡንስ ቅመም የሚያለዝበው ምንድን ነው? ብዙ ሰዓት የተቁላላው ሽንኩርት ጣፋጭነት ነው። ባለሙያ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ስሙን ጠርታ ስኳር አትለውም እንጂ።

ያ በሣጥን የሚሸጠው ዶሮም የራሱ የስደት ታሪክ አለው። በአሜሪካ የቻይና ምግብ ቤቶች ሁሉ የታወቀውን የጄኔራል ጾን ዶሮ የፈጠረው ፔንግ ቻንግ-ኩዌ የተባለ የሁናን ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ከአገሩ ወደ ታይዋን ተሰደደ፤ ምግቡንም በ1950ዎቹ እዚያ ሠራው። በመጀመሪያው አሠራር ስኳር የሚባል አልነበረበትም፤ ጨው፣ ኮምጣጤና በርበሬ የበዛበት ነበር። በ1970ዎቹ ኒው ዮርክ መጥቶ ምግብ ቤት ሲከፍት ግን ለማያውቁት ሰዎች አፍ እንዲስማማ ለወጠው። ፔንግ በ2016 በታይዋን ሲሞት ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር፤ ምግቡን ግን አሜሪካ በሙሉ ያውቀዋል። እሱ ምግቡን የለወጠው ለደንበኛ ነው። አንዲት እናት ለገዛ ልጇ ብትለውጥ ምን ነውር አለበት?

ሁለተኛው ተቃውሞ ጮክ ብሎ አይነገርም፤ የከፋው ግን እሱ ነው። በየከተማው በሪያድ፣ በጅዳ፣ በቤይሩት ወይም በዱባይ ለዓመታት በሰው ቤት ሠርተው ኋላ ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ሴቶች አሉ። እነዚህ ሴቶች ካብሳ መሥራት ያውቁበታል። ሩዙ ፍሬ በፍሬ ተለይቶ፣ ቀረፋውና ቅርንፉዱ ሸትቶ፣ ደረቁ ጥቁር ሎሚ ውስጡ ገብቶ፣ ዘቢቡ በቅቤ ተጠብሶ ከላይ ሲነሰነስ ምግብ ቤት የሚያስንቅ ነው። ቤታቸው ውስጥ ልጆቻቸው አፋቸውን ከፍተው የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። እንግዳ ሲመጣ ግን ይደበቃል። «የአረብ አገር ሙያ» እንዳይባል፣ ከዚያም አልፎ «ግርድና ነበረች» እንዳይባል ይፈራል። ሙያው የተገኘው በከፋላ ሥርዓት ፓስፖርት ተይዞ፣ እረፍት ተነፍጎ፣ አንዳንዴም ደመወዝ ተቀርቶ ነው። በዚያ ሁሉ መከራ መካከል ያተረፈችው አንድ ነገር ቢኖር ይህ እጇ ነው፤ እሱንም በገዛ ወገኗ ፊት እንድታፍርበት ማድረግ ግፍ ነው። ፓሪስ ሄዶ ምግብ ማብሰል የተማረ ሰው ቢኖር ኖሮ በየሠርጉ ፎቶው ይነሣ ነበር።

ወደ ድስቱ ለመመለስ፣ ለአምስት ወይም ለስድስት ሰው ስምንት የዶሮ ጭን ቆዳው ተገፎ ይወሰድ። በስድስት ኩባያ ያህል ውኃ፣ አንድ ቀረፋ፣ አራት ቅርንፉድ፣ ጥቂት የተፈለቀቀ ኮረሪማና ጨው ተጨምሮ ለ25 ደቂቃ በለዘብተኛ እሳት ይቀቀል። ሁለት ኩባያ ባስማቲ ሩዝ ውኃው እስኪጠራ ታጥቦ በዚያው ጊዜ ተዘፍዝፎ ይቆይ። በጎን በሌላ ድስት ሦስት ትልልቅ ሽንኩርት ደቅቆ ያለ ዘይት ይቁላላ፤ የበዓል አይደለምና ቡናማ መሆን ሲጀምር ይበቃዋል፣ ሃያ ደቂቃ ነው። ከዚያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ወይም ዘይት፣ ሁለት ማንኪያ በርበሬ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባል። ዶሮው ከቅቅሉ ወጥቶ ወደዚህ ይዛወራል፤ ሩዙ ደግሞ ተጠሎ በሦስት ኩባያ የዶሮው መረቅ ይጣዳል፣ ሲፈላ ተከድኖ በትንሽ እሳት ሩብ ሰዓት፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ሳይከፈት አሥር ደቂቃ።

ማሩ የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ማር ቀድሞ ከገባ ድስቱ ሥር ይያዛል፣ ያርራል፣ ይመርራል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማርና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ዶሮው ከመውረዱ አምስት ደቂቃ በፊት ሲገባ ግን መረቁ ይወፍራል፣ ይብለጨለጫል፣ ዶሮውንም ይለብሰዋል። ሎሚውን መተው አያዋጣም፤ ያለ እሱ ማሩ አፍ ላይ ይከብዳል። በርበሬው ለሕፃኑ በዛ የሚሉ ካሉ ከአንድ ማንኪያ ጀምረው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መጨመር ይችላሉ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን ማር ፈጽሞ አይቅመስ፤ ይህ የሐኪሞች ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

የዶሮ ማጠቡ ጉዳይ ደግሞ አለ። የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ጥሬ ዶሮ እንዳይታጠብ ይመክራል፤ ፍንጣቂው ጀርም ይዞ ሲንኩንና አጠገቡ ያለውን ሰላጣ ይበክላል በሚል። በሎሚና በጨው ሰባት ጊዜ ያላጠበ ዶሮ በላ የሚባል አበሻ ግን የት ይገኛል? ይህን ክርክር እናቶችን አሸንፎ የሚወጣ መንግሥት የለም። ቢያንስ ከታጠበ በኋላ ሲንኩ በሳሙና ይፈተግ፣ ሰላጣውም ቀደም ብሎ ይዘጋጅና ይነሣ። የተረፈው ሩዝም ምድጃ ላይ አይደር፤ ቶሎ ፍሪጅ ይግባ፤ ክፍል ውስጥ ያደረ ሩዝ ሆድ ያበላሻል፣ ደግሞ ማሞቁም አያድነውም።

ስኳር ያለበት አባት ወይም እናት ካለ ሩዙም ማሩም ይለካ፤ ለእነሱ ዶሮውን ከሰላጣ ጋር ማቅረብ ይሻላል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ቤት የቀኑን ነገር ያውቃል። በተረፈ ከዚህ ሥራ ውስጥ የሴት እጅ ብቻ የሚፈልግ አንድም ነገር የለም። ሩዝ ማጠብና ሽንኩርት መክተፍ የአሥራ አራት ዓመት ወንድ ልጅ ይችላል፤ አባትም ቀድሞ የሚገባበት ቀን አለ፣ ዶሮውን ቢጥድ ማንም አይስቅበትም። ቢስቅም ይሳቅ።

ሣጥኑ የቀረበት አንድ ቤት አለ። እናትየዋ ጅዳ ስድስት ዓመት የሠራች ናት። ማክሰኞ ማታ አንዱ ትልቅ ትሪ ጠረጴዛው መሐል ይቀመጣል፤ ሩዙ ሥር፣ ቀይ ዶሮው ላዩ ላይ፣ ዘቢቡ ተበትኖ። ትንሿ ልጅ አፍንጫዋን እየጠረገች «እማዬ ጨምሪልኝ፣ ከቀዩ» ትላለች። አባት እጁን ታጥቦ ሲቀርብ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሷ ያጎርሳታል። ከአገር ለጉብኝት የመጡት አያት ግን ሩዙን በጎን አድርገው «እንጀራ የለም እንዴ?» አሉ። ተሰጣቸው፤ ያንኑ ቀይ ዶሮ በእንጀራ በሉት።