ላም አለኝ በሰማይ፣ ቤትም አለኝ በሰማይ!

ሹሞቻችን «ዕድገት» የምትለዋን ቃል ባነሱ ቁጥር ጣታቸው ወደ ላይ ነው። ስንት ፎቅ? ስንት ሜትር? በመስተዋት የተለበጠ ነው ወይ? የከተማው ሰው ግን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቆሞ አንገቱን የሚያሰግገው ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ አስፋልቱ ነው፤ ሚኒባሷ መጣች አልመጣች እያለ። አንዱ ወደ ላይ ያያል፣ ሌላው ወደ መንገድ። የዛሬው ርዕሰ አንቀጻችን የሚያነሳው ይህንኑ አለመተያየት ነው።

በዓለም ላይ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የሚዞር አንድ ሐሳብ አለ። መኖሪያው፣ ቢሮው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ ገበያው ሁሉ በአንድ ግዙፍ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ውስጥ ይጠቃለል፤ ሰውየው 80ኛው ፎቅ ላይ ካለው ቤቱ ወርዶ 30ኛው ፎቅ ላይ ሥራው ይግባ፤ ታክሲም፣ ሰልፍም፣ የመንገድ መዘጋጋትም ይቅር ነው ነገሩ። «ከተማ በአንድ ሕንፃ» እንበለው። አዲስ አበባ መሬት ጠበበኝ በምትልበት በዚህ ዘመን ሐሳቡ ጆሮ ቢያገኝ አይገርምም። ግን እውነት ያዋጣል ወይ? ቢያዋጣስ ለማን?

እኛ ይህን ጥያቄ የምንለካው በዱባይ አይደለም፤ በካምባ ነው። «ደግሞ ካምባ ከሰማይ ጠቀስ ጋር ምን አገናኛት?» የሚል አይጠፋም። ብዙ ያገናኛታል። አዲስ አበባን አጨናነቀ የሚባለው ሰው ከሰማይ አልወረደም፤ ከአርባ ምንጭ በስተምዕራብ በተራሮች መሐል እንዳለችው እንደ ካምባ ካሉ ቦታዎች ነው የሚመጣው። የጋሞ ደጋ ሕዝቡ የበዛበት፣ መሬቱ የጠበበበት አገር ነው። የአባት ማሳ ለልጅ፣ የልጅ ለልጅ ልጅ ሲሸነሸን በመጨረሻ የሚተርፈው የእንሰት ጓሮ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ወጣቱ ሙያውን ይዞ ይወጣል። ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው ሸማ በማን እጅ እንደሚሠራ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አለ እንዴ?

አሁን ይህን ሸማኔ በሐሳባችን ወደ ሰማይ ጠቀሱ እናውጣው። የባህላዊው ሽመና ወግ የታወቀ ነው። ሸማኔው መሬቱን ቆፍሮ፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ፣ መርገጫውን እየረገጠ ነው መወርወሪያውን የሚያመላልሰው። ቤቱና መሥሪያ ቤቱ አንድ ነው። ሚስት ትፈትላለች፣ ልጅ ያደውራል፣ ደንበኛ በሩ ድረስ ይመጣል። የታክሲ ወጪው ዜሮ! እንግዲህ ይህ ሰው 40ኛው ፎቅ ላይ የት ይቆፍር? የጎረቤቱን ኮርኒስ? ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም። ከተማ ውስጥ በቤቱ እየሠራ የሚያድር ስንት ሰው አለ! ጠጅ ጣይዋ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ሠሪው... «ኑሮና ሥራ በአንድ ቦታ» የሚለው ሐሳብ ለእነዚህ ሰዎች የፈጠራ ዜና አይደለም፤ ሲኖሩት የኖሩት ነው። ፎቁ ነው ሁለቱን የሚነጣጥልባቸው።

ይህንንም በዓይናችን አይተነዋል። የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1996 ዓ.ም. ሲጀመር ተስፋው ትልቅ ነበር፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰውም ጣሪያ አግኝቶበታል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ቤቱ ሲርቅ ሥራው መሐል ከተማ ቀረ። ጀሞ፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ እየተባለ ሰው ወደ ዳር ተዘረጋ፤ ቢሮው፣ ገበያው፣ ሆስፒታሉ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። በ2005 ዓ.ም. ቤት ፈላጊ ሲመዘገብ ከ8 መቶ ሺህ በላይ ሰው ተሰለፈ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁሉም ያስታውሳል፤ ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ላይ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ወጣ ተብሎ እልል ከተባለ በኋላ የማይገባቸው ሰዎች ስም ገብቶበታል ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ሰው ወደ ዳር ሲገፋ በምን ይመላለስ? መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ34 ኪሎ ሜትሩ ቀላል ባቡር መልስ ይሆናል ተብሎ ነበር። 41 ባቡሮች ይዞ ቢጀምርም ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኞቹ መለዋወጫ አጥተው ቆሙ። ሐዲድ ላይ ያለ ባቡር መለዋወጫ አጥቶ በቆመበት አገር እንግዲህ 80 ፎቅ ሙሉ ሰው የሚያመላልስ ሊፍት ይኖረናል እየተባልን ነው!

ስለ ሊፍት ካነሳን አይቀር ትንሽ እንቆይበት። ሕንፃ በረዘመ ቁጥር ሊፍት ይበዛል፤ ሊፍት ሲበዛ ከየወለሉ ላይ የሚቆረጠው ቦታ ይሰፋል፤ የቀረው መኖሪያ ደግሞ በካሬ ይወደዳል። ውኃው በፓምፕ ይገፋል፤ ፓምፑ መብራት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ግን ውኃ በፈረቃ ስትጠጣ የኖረች ከተማ ናት። ሊፍቱ፣ ፓምፑ፣ መስተዋቱ ሁሉ የሚገዛው በዶላር ነው፤ ዶላር ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ ከነበረበት ተነስቶ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። ይህን ሁሉ ከፍሎ 80ኛው ፎቅ ላይ የሚኖረው ማን ነው? ሸማኔው? የታክሲ ረዳቱ? መምህሩ? እንተዋወቃለን እኮ!

ሐሳቡ ሌላው ዓለም ላይም ተሞክሯል። ማርሴይ ላይ በሌኮርቡዚዬ ንድፍ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1952 የተጠናቀቀው ሕንፃ 337 መኖሪያዎች፣ የውስጥ ሱቆች፣ ጣሪያው ላይ የሕፃናት ትምህርት ቤት ተሟልቶለት ነበር። ዛሬም ቆሟል፣ ጎብኚም አለው፤ ከተማውን ግን አልተካም። ጣሊያናዊው አርክቴክት ፓኦሎ ሶሌሪ አሪዞና በረሃ ውስጥ 5 ሺህ ሰው የሚይዝ ራሱን የቻለ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970 ጀመረ፤ ከ50 ዓመት በኋላም ነዋሪው መቶ አልሞላም። ቻይና ቻንግሻ ላይ 838 ሜትር የሚረዝምና 30 ሺህ ሰው የሚያኖር ሕንፃ በጥቂት ወራት ውስጥ እናቆማለን ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2013 መሠረቱ ተጀመረ፤ ወዲያው ቆመ፤ ጉድጓዱም የዓሣ ማርቢያ መሆኑ ተዘገበ። ለዓሣ ለዓሣማ ዓባያና ጫሞ መች አነሱን!

ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ያደረገችው፣ 170 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋውና 9 ሚሊዮን ሰው ይይዛል የተባለው «ዘ ላይን»ም እ.ኤ.አ. እስከ 2030 የሚደርሰው ክፍሉ ወደ 2.4 ኪሎ ሜትር ግድም መቆረጡ በ2024 ተሰምቷል። ይቺ እንግዲህ የነዳጅ ባለጸጋ ናት።

በእርግጥ ሰው ተቆላልፎ፣ እዚያው ሠርቶ እዚያው የኖረበት አንድ ቦታ ነበር፤ የሆንግ ኮንጉ ካውሉን ግንብ ሰፈር። 2.6 ሄክታር መሬት ላይ ወደ 33 ሺህ ሰው ተፋፍጎ ይኖር ነበር። ፋብሪካው፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ ምግብ ቤቱ ሁሉ ውስጡ ነበር። ታክሲ የሚያስፈልገው አልነበረም። ፀሐይ የሚያየውም ጥቂት ነበር! መጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ1994 መፍረስ ሆነ። መጨናነቅን ወደ ላይ መቆለል መጨናነቅን ማጥፋት አይደለም።

«ታዲያ ምን ይሁን፣ ወደ ጎን እየሰፋን ገበሬውን እንጨርሰው?» የሚለንን ሰው ግን በንቀት አናልፈውም፤ ጥያቄው የደም ጥያቄ ነውና። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያጣምራል የተባለው ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ወጣት እንዳስቀጠፈና በጥር 2008 ዓ.ም. እንደተሰረዘ አንረሳም። ከተማ ያለ ልክ ወደ ጎን መዘርጋቱ የገበሬን ማሳ ይበላል። ስለዚህ ወደ ላይ መሥራት ኃጢአት ነው አንልም። አራትና አምስት ፎቅ፣ እንደ ቦታው አሥርም ይሁን። ሲንጋፖርን ተመልከቱ። የቤቶች ድርጅቷን እ.ኤ.አ. በ1960 አቋቁማ አብዛኛውን ሕዝቧን በፎቅ አኑራለች። ነገር ግን ሁሉን በአንድ ማማ አልቆለለችም። በየአቅጣጫው አዳዲስ ከተሞች መሥርታ ለያንዳንዱ ገበያውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ክሊኒኩን፣ ፋብሪካውንና አውቶቡሱን አብራ ሰጠችው። ቁም ነገሩ መሰብሰቡ እንጂ መቆለሉ አይደለም!

በእኛ አገር የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። ዳር ዳሩን ቤት ተሠራ፣ ሥራ ተረሳ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ሥራ መጣ፣ ቤት ተረሳ። ከጋሞም፣ ከወላይታም፣ ከሲዳማም የተሰበሰቡ ወጣት ሴቶች በኪራይ ክፍል ለአራት ለአምስት ተፋፍገው፣ ደመወዛቸው ለኪራይና ለምግብ አልበቃ ብሏቸው ብዙዎቹ ጥለው ወጡ። አንዱ ጋ ቤት ያለ እንጀራ፣ ሌላው ጋ እንጀራ ያለ ቤት። ካምባ ላይ የቀረው ወጣት ደግሞ ሁለቱንም ይጠብቃል።

አዲስ አበባም ከዚህ አልተማረችም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 209 ሜትር ዋና መሥሪያ ቤት በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሲመረቅ በአገሪቱ ረጅሙ ሕንፃ ነበር። ያምራል፣ አንክድም። ግን ረጅም የቢሮ ሕንፃ መሐል ከተማ በቆመ ቁጥር ጠዋት ወደዚያው የሚተመው ሰው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በዚያው ላይ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ከሥራው አጠገብ በእግሩ ይመላለስ የነበረው ድኻ ወደ ዳር ተሸኘ። ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ በተከታታይ በወጡት የሊዝ አዋጆች መሬቱ የመንግሥት፣ ጨረታው የባለ ገንዘብ፣ ዳሩ የድኻ ሆኖ ቀረ። ከዚያም «ትራፊክ ለምን ተጨናነቀ?» ተብሎ ስብሰባ ይጠራል!

ዳር መገፋት ደግሞ የታክሲ ሒሳብ ብቻ አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩና አካባቢዋ ላይ በርካታ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸውን፣ መፈናቀላቸውን አንረሳም። ገዳዮቹ የሚጠየቁበት ወንጀል ነው፤ በኪራይ መወደድ የሚሳበብ አይደለም። ግን የመሐል ከተማን ኪራይ ያልቻለ ሰው ወደ ዳር ሲወጣ ከሚያውቀው ዕድሩና ከሚጠብቀው ጎረቤቱ እንደሚርቅ ማን ልብ አለ? ያን ጊዜ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የተነሳሳውን ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው የመለሱት የጋሞ አባቶች አገሩን ሁሉ አስተምረዋል። ሽማግሌ የሚሰማው የሚተዋወቅ ሰው ባለበት ነው። አንዱ የአንዱን ስም በማያውቅበት ማማ ውስጥ ሣሩን ይዞ የሚንበረከክ ማን ነው? ለማንስ?

በዚያው በጋሞ ደጋ ጨንቻ ላይ ያለውን የዶርዜ ቤት ያየ ያስታውሳል። ከቀርከሃ ተሠርቶ ቁመቱ ወደ ሰማይ የወጣ፣ ሰውም ከብትም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድርበት ቤት ነው፤ ጓሮው እንሰት፣ ደጁ ሽመና። ራሱን የቻለ ቤት ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ! እግሩን ምስጥ ሲበላው ዝቅ እያለ ያገለግላል፤ ቦታ መለወጥ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ያዛውረዋል። ይህን ለአዲስ አበባ ገልብጡ አንልም። ቤት ለኗሪው ኑሮ ይሠራል እንጂ ኗሪው ለቤቱ ቁመት አይሠራም ለማለት ነው።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። የመኖሪያ ቦታ ሲታቀድ ምድር ቤቱና ጓሮው ለሠሪው ይሰጥ፤ ለሸማኔው መቆፈሪያ፣ ለጋጋሪዋ ማዕድ ቤት፣ ለነጋዴው መደብር። ሰፈር ከመፍረሱ በፊት ነዋሪው «ሥራህ የት ነው?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱም ይመዝገብ። የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ሆስፒታል መሐል ከተማ መከመሩ ይብቃ። አርባ ምንጭ ገና ልጅ ከተማ ናት። ሴቻና ሲቀላ ተራርቀው ተመሥርተው ሕዝቡ ሽቅብ ቁልቁል በባጃጅ ሲመላለስ ኖሯል፤ አሁን ስትሰፋ የአዲስ አበባን ስሕተት አትቅዳ። ለካምባም መንገድ፣ መብራትና ገበያ ይድረሳት፤ ሸማው እዚያው ተሠርቶ ይሸጥ። አዲስ አበባ የምትቀለው ያኔ ነው።

አንድ ፎቅ ሲጨመር ሪባን የሚቆርጥ ሹም አይጠፋም። አንድ ወጣት ካምባ ላይ ሥራ አግኝቶ አውቶቡስ ሳይሳፈር ሲቀር ግን የሚቆረጥ ሪባን የለም፤ የሚነሳ ፎቶም የለም። ችግሩ ይኸው ነው። ሹሞቻችን ሆይ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ከሊፍቱ ውረዱና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሰልፉ ውስጥ ቁሙ!