ሙታንን ለሚመርጡ ተራማጆች

ሻርሆልመን፣ ስቶክሆልም

ጓዶች! ከአገር ቤት የግድያ ወሬ በደረሰን ቁጥር በመካከላችን የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ምን እንደ ሆነ ልብ ብላችኋልን? «ማን ሞተ?» አይደለም። «ከየትኛው ወገን ነው?» ነው። መልሱ ከተስማማን ሰልፍ ይጠራል፣ ሻማ ይበራል፣ የስዊድን ጋዜጦች ለምን ዝም አሉ ተብሎ ይጮኻል። ካልተስማማን «ማስረጃው ይጣራ» እንላለን። በትግራይ ጦርነት ጊዜ እንዲህ ሆነ፤ ስለ ኦሮሚያና ስለ አማራ ክልል ሙታንም እንዲሁ። በሻርሆልመን አደባባይ ላይ አንዱ የሌላውን ሐዘን እንደ ፕሮፓጋንዳ እየቆጠረ ጎን ለጎን ያልፋል። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ይህን ልማድ ለመቃወም ነው።

ልማዱ ከየት እንደ መጣ እናውቃለን። በ1960ዎቹ በተማሪው እንቅስቃሴ ውስጥ መብት ማለት የከበርቴ ቅንጦት ነው፣ መጀመሪያ ሥልጣን ይያዝ፣ መብት በኋላ ይደርሳል የሚል አስተሳሰብ ሥር ሰዶ ነበር። «በኋላ» አልደረሰም። በ1966 ዓ.ም. የባለሥልጣኖችን በደል፣ በተለይም የወሎን ረሃብ ጉዳይ የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሲዮን ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው የዩኒቨርሲቲው የጂኦግራፊ መምህር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። ምርመራው ሳያልቅ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ለረሃቡ መልስ ሊሰጥ የሚችለው ሰው ከነምስክርነቱ ተቀበረ። ያን ጊዜ እሰየው ያለ ተራማጅ ጥቂት አልነበረም። ሦስት ዓመት ሳይሞላ የዚያው ትውልድ ሬሳ በአዲስ አበባ ጎዳና ተዘረረ።

መስፍን ከዚያ ሌሊት የተማሩትን አልረሱም ብዬ አምናለሁ። በ1984 ዓ.ም. ከባልደረቦቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን፣ ኢሰመጉን፣ አቋቋሙ። የኢሰመጉን መግለጫ ያነበበ ሰው አጻጻፉን ያውቀዋል፦ የተገደለው ሰው ስም፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ አድራጊው። ንግግር አያበዛም። ለንባብ ይከብዳል፤ አንዳንዱ ገጽ እንደ ዕቃ ቆጠራ ደረቅ ነው። ኃይሉም በዚሁ ድርቀቱ ላይ ነው፤ ገዢው ቢቆጣም ስሙን ከወረቀቱ ላይ ሊፍቀው አይችልም።

ይህ አጻጻፍ የእኛ ብቻ አይደለም። በሞስኮ እ.ኤ.አ. በ1968 ገጣሚዋ ናታሊያ ጎርባኔቭስካያ «የወቅታዊ ክንውኖች ዜና መዋዕል» የተባለውን ኅቡዕ ጽሑፍ በጽሕፈት መኪና እየመታች ማሰራጨት ጀመረች። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሶቪየት ኅብረት ቼኮዝሎቫኪያን ስትወር፣ ሕፃን ልጇን በጋሪ እየገፋች ከሰባት ሰዎች ጋር በቀይ አደባባይ ተቃወመች። ቆይቶም ተይዛ ጤነኛይቱን ሴት የአእምሮ ሕመምተኞች እስር ቤት አስገቧት፤ እስከ 1972 አልተፈታችም። ዜና መዋዕሉ ግን በሌሎች እጅ እየተላለፈ እስከ 1983 ዘለቀ። በውስጡ የክሪሚያ ታታሩ፣ የዩክሬን ብሔርተኛው፣ ባፕቲስቱ፣ የሊትዌንያው ካቶሊክ፣ አይሁዱ ሁሉ አለ። አዘጋጆቹ ከነዚህ ሁሉ ጋር በአሳብ ይስማሙ ነበርን? አይመስለኝም። የታሰረን ሰው ለመመዝገብ ስምምነት አያስፈልግም።

«ሁሉንም እኩል መቁጠር ገለልተኛነት ነው፤ ገለልተኛነት ደግሞ የጨቋኝ አገልጋይ ነው» የሚል ጓድ ይነሣል። ጨቋኙ ራሱ እንዲህ አላሰበም! የኢሰመጉ የሥራ አስፈጻሚ አባልና የመምህራን ማኅበር መሪ የነበሩት አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። በ1993 ዓ.ም. ፕሮፌሰር መስፍን ከዶክተር ብርሃኑ ነጋ ጋር የታሰሩት ስለ አካዴሚ ነጻነት ለተማሪዎች ከተናገሩ በኋላ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የመብት ድርጅት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ሲከለክል ኢሰመጉ አብዛኞቹን ቅርንጫፎቹን ዘጋ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. ተለወጠ፤ ሆኖም በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በሌላ መንግሥት ዘመን የእገዳ ደብዳቤ ለዚሁ ድርጅት ደረሰው። አገልጋዩን እንዲህ የሚያሳድድ ጌታ የት አለ?

ከዚህ የከበደው ክርክር ሌላ ነው። መስፍን በ1997ቱ ምርጫ ዋዜማ ቀስተ ደመና የተባለውን ፓርቲ ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ፣ ፓርቲውም ወደ ቅንጅት ገባ። የመብት መዝገብ ያዥና የፓርቲ መሪ አንድ ሰው ባይሆኑ ይሻል ነበር፤ ለገዢዎቹ «ድሮም ተቃዋሚ ነበሩ» የሚል ሰበብ ተሰጥቷል። በዚህ ላይ የሚነቅፏቸውን አልነቅፍም። ነገር ግን የ75 ዓመቱ ሽማግሌ በ1998 ዓ.ም. ታስረው ሃያ ወር ያህል ሲቆዩ፣ በዚህ በውጭ አገር ያለ ምንም አደጋ የተቀመጥን እኛ ስለ ንጽሕና ለመፍረድ ምን ሥልጣን አለን? እኛን የሚያስር የለም። ሁሉንም ስም ለመጻፍ ከእኛ የበለጠ ምቹ ሁኔታ ያለው ማን ነው? የምንጽፈው ግማሹን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በኦጋዴን ተይዘው በቃሊቲ የታሰሩት ሁለቱ ስዊድናውያን ጋዜጠኞች፣ ማርቲን ሺቢየና ዮሃን ፐርሶን፣ በ2012 ተፈትተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ እዚያ ጥለዋቸው ስለመጡ ኢትዮጵያውያን እስረኞች መናገርን አልተዉም። ባዕዳን ናቸው። የእስረኞቹ ዘር ለእነሱ ጉዳይ አልነበረም።

ፕሮፌሰር መስፍን መስከረም 19 ቀን 2013 ዓ.ም. በ90 ዓመታቸው ዐረፉ። ጦርነቱ የፈነዳው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ስለ እርሳቸው እዚህ የተነገረው የሙገሳ ንግግር ሁሉ ከአንድ ተግባር ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ተግባሩን አቀርባለሁ። በሚቀጥለው የሻርሆልመን ስብሰባችን ከንግግር በፊት በየክልሉ የተገደሉት ሰዎች ስም፣ ቦታና ቀን ይነበብ። ቅደም ተከተሉ በፊደል ተራ ይሁን፤ ከስሙ ጎን ብሔር አይጻፍ። አንባቢዎቹ ከየቡድኑ ይመረጡ፣ እያንዳንዱም የራሱን ሳይሆን የሌላውን ወገን ሙታን ያንብብ።