ዳገቱን ብቻ አንውቀስ

መስከረም 21 ለግሸን ደብረ ከርቤ ንግሥ ወደ አምባው የወጣ ሰው፣ መንገድ ዳር ተቀምጠው ትንፋሻቸውን የሚሰበስቡ ሴቶችን ሳያይ አያልፍም። እኔም አይቻለሁ። አንዲት ልጅ ያዘለች ወጣት እናት ዐይኗን ጨፍና ቋጥኝ ተደግፋለች፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል። አንዲት አሮጊት ፊቷን በውኃ እያበሱ "አብሽሪ ልጄ፣ ዳገቱ ነው" አሏት። እሷ ግን "እቤትም ያዞረኛል እማማ። ደም ማነስ ነው ብለው ክኒን ሰጥተውኝ ነበር፤ ሆዴን ሲረብሸኝ ተውኩት" አለች።

እኛ ግን የሴትን ድካም ለምደነዋል። ውኃ የቀዳች፣ እንጨት የለቀመች፣ ልጅ ያጠባች ሴት ብትደክም ምን ይገርማል እንላለን። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። በ2003ቱ ጥናት 17 በመቶ ነበር። በ2008ቱ ጥናት ከወለዱ ሴቶች መካከል በእርግዝናቸው ወቅት የአይረን (የብረት) ክኒን 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ደግሞ 5 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ጤፍ እየበላን እንዴት? ጤፍ ብረት አለው፤ ነገር ግን እህሉ ውስጥ ያለው ሌላ ንጥረ ነገር ብረቱን አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ እስሩ ይላላል። ከምግብ አስከትለን የምንጠጣው ቡናና ሻይ ደግሞ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ወሎዬን ቡና ተው ማለት አይሞከርም፤ አቦሉ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ግን ምን ይጎድላል? ጎመኑና ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግስ ያቅታል?

ከሁሉ የሚከፋው የገበታችን ሥርዓት ነው። ሥጋ ሲገኝ ለአባወራና ለእንግዳ ይቀርባል፤ በየወሩ ደም የሚፈሳት፣ አርግዛ ደሟን ለጽንሱ የምታካፍል እናት የተረፈውን ትጠርጋለች። ደም ያነሳት ሴት በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈሳት በምን ትቋቋመዋለች?

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ክኒኑ ሆድ ሲረብሽ ከምግብ ጋር መውሰድና ለጤና ባለሙያ መንገር እንጂ ማቆም አይበጅም። ጾም ከሥጋ ስለሚከለክል፣ ነፍሰ ጡር ስለ ጾሙ የንስሐ አባቷን ታማክር። አባወራዎች ሆይ፣ ሚስታችሁ ደጋግሞ ካዞራት "አብሽሪ" ብላችሁ አትለፉ፤ ጤና ጣቢያ ውሰዷትና ደሟ ይታይ፤ ገበታውም ላይ እኩል ትቅረብ።