ዝገት የበላውን ቮልስ ልግዛ ወይስ ልተወው?



በእኛ በጌዴኦ ምድር ቡና ተሸጦ ብር እጅ ላይ ሲገባ ብዙ ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ፍስሐ ገነትም ሆነ ይርጋ ጨፌ፣ ጨለለቅቱም ሆነ ዲላ ያለው ወጣት ቤት ልሥራ፣ ባጃጅ ልግዛ፣ ሱቅ ልክፈት ብሎ ያስባል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ አንድ ሌላ ጥያቄ ደጋግሜ እየሰማሁ ነው፦ «የእገሌ አባት ግቢ ውስጥ ለዓመታት የቆመች ቮልስ አለች። ዝጋለች፤ ግን ርካሽ ናት። ገዝቼ ላሳድሳት?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ከጀርባው ግን የአንድ ቤተሰብ የዓመት ልፋት አለ። ስለዚህ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። ወለሏ ጤነኛ ከሆነ፣ ወረቀቷ ንጹሕ ከሆነና የምታወጣው ብር ከቤተሰብህ ቀለብ የተረፈ ከሆነ ግዛት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ተዋት። ምክንያቴን በዝርዝር አቀርባለሁ።

ምኞቱ ከየት መጣ?

መጀመሪያ በወጣቱ አልፍረድ። ምኞቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ረጅም ጊዜ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ በሰው ዓይን ዋጋ አገኘ። ትናንት የዶሮ ማደሪያ የነበረችው ቮልስ ዛሬ ደላላ ይመላለስባታል።

ሁለተኛው ምክንያት መኪናዋ ራሷ ናት። ቮልስ በኢትዮጵያ ተራ መኪና አይደለችም። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ ነበር። አስተማሪው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ነጋዴው ሁሉ ነድቷታል። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ወጣቶች በስልካቸው የሚያዩአቸው ውድ የፖርሸ ስፖርት መኪኖች እንኳ መነሻቸው እሷ ናት፤ በ1948 እ.ኤ.አ. የተሠራችው የመጀመሪያዋ 356 የቆመችው በቮልስ ዕቃዎች ነበር። ስለዚህ «ስፖርት መኪና» የሚመኝ የፍስሐ ገነት ልጅ ዓይኑ ቮልስ ላይ ቢያርፍ አይገርምም።

ሦስተኛ፣ ሞተሯ ቀላል ነው። በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም። አራት ቡሎን ተፈትቶ ከኋላ ይወርዳል። ጎበዝ መካኒክ ያለ ኮምፒውተር ይሠራዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ችግሩ ግን ሞተሯ ላይ አይደለም፤ ቆርቆሮዋ ላይ ነው።

ሥሩን ሳታይ አትጎንድል

ቡና የሚያለማ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ያረጀ ቡና ምርቱ ሲቀንስ ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገን እንጎነድለዋለን። ሁለት ሦስት ዓመት ታግሰን አዲስ ቀንበጥ ምርት ይሰጠናል። ነገር ግን ሥሩ የሞተ ቡና ማንም አይጎነድልም፤ ነቅሎ ሌላ ይተክላል እንጂ። የቮልስ ሥሯ ወለሏና ከበሮቿ ሥር በሁለቱም ጎን የሚሄደው ቦይ ነው። ሰውነቷን ተሸክሞ የሚይዘው እሱ ነው። እሱ ከበሰበሰ ቀለሙ ቢያምር፣ ሞተሩ ቢጮህ ትርጉም የለውም።

አገራችን ደግሞ ዝናባም ናት። በልግ ይዘንባል፣ መስከረምና ጥቅምት ይዘንባል። ሜዳ ላይ በሣር መሐል የቆመች መኪና ከሥር እርጥበት፣ ከላይ ዝናብ ይበላታል። የበር ጎማዋ ሲደርቅ ውኃ ይገባል፤ ምንጣፉ ውኃውን ይዞ ለወራት ያቆየዋል። ከላይ ያየኸው ዝገት ከሥር ካለው ጋር ሲነጻጸር ትንሹ ነው።

ልታያት ስትሄድ ይህን አድርግ፦

1ኛ. የኋላ ወንበሯን አንሣ። ባትሪዋ በቀኝ በኩል እዚያ ሥር ነው የሚቀመጠው። አሲድ ሲፈስ የኖረበት ስለሆነ ወለሉ ቀድሞ የሚበሰብሰው እዚያ ነው። ምንጣፉንም ግለጥ። ሻጭ «አያስፈልግም» ካለ መልሱን አገኘህ ማለት ነው።

2ኛ. ማግኔት ያዝ። በጨርቅ ጠቅልለህ በሩን፣ የጭቃ መከላከያውን፣ የታችኛውን ጠርዝ ሁሉ ነካካው። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ እንጂ ብረት አይደለም።

3ኛ. በሩን ከፍተህ ወደ ላይ አንሣው። ከዚያ ዝጋው። በሩ ከክፈፉ ጋር ካልገጠመ ወይ ማጠፊያው አልቋል፣ ወይ ሰውነቷ ራሱ ወርዷል። ሁለተኛው ከሆነ ሂሳቡ ከባድ ነው።

4ኛ. በክሪክ አንሣት። ክሪኩ የሚያርፍበት ቦታ ከተንኮታኮተ ወይም መኪናዋ ሳትነሣ ብረቱ ከገባ፣ ጎኗ በስብሷል።

5ኛ. ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከኋላ ያለውን የቀበቶ መዘውር ይዘህ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፋው። «ቋ ቋ» የሚል ጨዋታ ካለ ሞተሩ ሙሉ እድሳት ይፈልጋል። ይህ ግን ከወለሉ ጋር ሲወዳደር የሚያስፈራ አይደለም፤ ሞተር ይሠራል።

የግዢው ዋጋ ዋጋው አይደለም

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «በርካሽ ገዛሁ» ይላል። መኪናዋን በነጻ ቢሰጡህ እንኳ ወጪው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ብየዳና ቆርቆሮ አለ። ፍሬን አለ። አራት ጎማ አለ። የኤሌክትሪክ ገመድ አለ፤ ከ1967 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ 6 ቮልት ስለሆኑ ባትሪና አምፖል ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ከዚያ ሞተር፣ ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ ወንበር። ቀለም የመጨረሻው መሆን ሲገባው ብዙ ሰው በእሱ ይጀምራል። ጓደኛ እንዲያይለት ነዋ! ከስድስት ወር በኋላ ዝገቱ ቀለሙን ነፍቶ ይወጣል።

ዕቃው ደግሞ ፍስሐ ገነት የለም። ዲላም እምብዛም የለም። ሶማሌ ተራ ድረስ መሄድ ግድ ይሆናል። ከዲላ አዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዲት ጎማ ማኅተም የጎደለች ቀን መካኒኩ ሥራውን ያቆማል፤ መኪናዋ ጋራዥ ትቆማለች፤ አንተ ደርሶ መልስ ትከፍላለህ። ተጀምረው ያልተጨረሱ መኪኖች በየጋራዡ የቆሙት ለዚህ ነው። ባለቤቶቻቸው ሰነፎች ስለሆኑ ሳይሆን የመጀመሪያ ሂሳባቸው ግማሽ ሂሳብ ስለነበረ ነው።

የእኔ ምክር፦ ለእድሳት የገመትከውን ብር በሁለት አባዛው። ጊዜውንም እንዲሁ። ያ ድምር ከቤትህ ቀለብ፣ ከልጆች ትምህርት፣ ለቀጣዩ ቡና ለቀማ ለሠራተኛ ከምትከፍለው የማይነካ ከሆነ ቀጥል። ከነካ አቁም። ብድር ወስዶ፣ ያውም በወለድ፣ ለምኞት መኪና መግዛትማ ጨርሶ አይታሰብ። ለጋራዡም ሙሉ ብር አስቀድመህ አትስጥ፤ ወለሉ ተበይዶ ሳይ ይህን ያህል፣ ፍሬኑ ሲያልቅ ይህን ያህል ብለህ በጽሑፍ ተስማማ።

ከብረት ዝገት የወረቀት ዝገት ይብሳል

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እነዚህ መኪኖች ለምን ይህን ያህል ዓመት ቆሙ? ብዙ ጊዜ መልሱ መካኒክ ጠፍቶ አይደለም። ባለቤቱ ሞተው ወራሾች ሳይስማሙ ቀርተው ነው። ሊብሬው በሟች ስም ነው። አንዱ ልጅ ግቢው ውስጥ ስለሚኖር «የአባቴ መኪና» ብሎ ይሸጣል። እህቶቹ ያገቡት ሐገረ ማርያም ወይም ሐዋሳ ነው፤ አልሰሙም። እናትየው ጓዳ ናት፤ ማንም አልጠየቃትም።

ወንድሜ፣ ያቺ መኪና የአንድ ሰው አይደለችም። አባት ሲሞት ዕዳው ይከፈላል፣ ከዚያ የቀረው ለወራሾች ይከፋፈላል። ልጆች ካሉ ለሚስቱ ስምንተኛው ድርሻ አላት፤ ሴቶች ልጆችም የተወሰነ ሐቅ አላቸው። ዝገት የበላት መኪና ብትሆንም ንብረት ናት። አንዱ ወንድም ብቻውን የሸጠልህ መኪና የሌሎቹን ሐቅ ተሸክማ ነው ግቢህ የምትገባው። በእንዲህ ያለ ንብረት በረካ መጠበቅ አይቻልም። በሕግም አትቆምም፤ አሳድሰህ ስታበቃ፣ ዋጋዋ ሲወጣ ያን ጊዜ እህትየዋ እገዳ ይዛ ትመጣለች። ጥፋቱም የእሷ አይደለም።

ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ጠይቅ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ከተስማማ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም ይህን ጉዳይ ያያል። ሁሉም ወራሾች፣ ሴቶቹን ጨምሮ፣ ይፈርሙ ወይም ውክልና ይስጡ። ሽያጩ ውልና ማስረጃ ይጽደቅ። ቦሎ ያልታደሰባቸው ዓመታት ዕዳ፣ እገዳ መኖር አለመኖሩ ይጣራ። የሻንሲ ቁጥሩን ራስህ አንብበህ ከሊብሬው ጋር አመሳክር፤ ቮልስ ላይ ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሐል ላይ ከፍ ብሎ በሚሄደው ቦይ ላይ ተመትቶ ይገኛል። የሞተር ቁጥሩንም እይ፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ሞተር የተቀየረላቸው ብዙ ናቸው። የሻንሲ ቁጥሩን ዝገት ከበላው ግን ሌላ ምንም አትመርምር፤ ተመለስ።

የሻጭ ሐቅ፣ የገዢም ሐቅ

ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት የመናገር ግዴታ አለበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ እህል የሚሸጠውን ሰው እንዴት እንደገሠጹ ሁላችንም ሰምተናል። ከላይ ቀለም፣ ከሥር ስቱኮ የሆነች መኪና ከዚያ እህል በምን ትለያለች? «ባለችበት ሁኔታ ሸጫለሁ» የሚለው ቃል አውቆ የደበቀን ሰው ከአላህ ዘንድ አያድነውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭን ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ያደርጋል።

የገዢው በኩል ግን ብዙም አይነገርም። ከተማ ያለው ዋጋ መናሩን የምታውቀው አንተ ነህ። ገጠር ያለችው ባል የሞተባት እናት አታውቅም። «እማማ፣ ይህ እኮ ቁርጥራጭ ብረት ነው» ብለህ በኪሎ ሂሳብ ወስደህ ብትሸጣት ብልጥ ተባልክ ይሆናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሸቀጥ ይዘው የሚመጡ ነጋዴዎችን ገበያ ሳይደርሱ፣ ዋጋውን ሳይሰሙ መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛትን ከልክለዋል። ምክንያቱ ይኸው ነው። ዋጋውን ንገራት፤ ከዚያ ተከራከር። ክርክር ሐራም አይደለም።

«ይህ ሁሉ ኢስራፍ አይደለም ወይ?»

አንዳንድ ወንድሞች እንዲህ ይላሉ፤ አሮጌ መኪና ላይ ብር ማፍሰስ ማባከን ነው፣ ባጃጅ ገዝቶ መሥራት ይሻላል። ግማሹ እውነት ነው። ከመኪናዋ ገቢ የሚጠብቅ ሰው ባጃጅ ይግዛ፤ ቮልስ በመቶ ኪሎ ሜትር ከ8 እስከ 10 ሊትር ቤንዚን ጠጥታ ምንም አታስገባም። ቤንዚን በጀሪካን በሚፈለግበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን የሚሠራን ነገር ከመበስበስ ማዳን በራሱ ብክነት አይደለም። ለአንድ የብየዳ ልጅ፣ ለአንድ መካኒክ ሥራ ይፈጥራል፤ ወጣቱም ሙያ ይማርበታል። ብክነቱ ከአቅም በላይ ሲሆን፣ ለታይታ ሲሆን ነው። ኒያህንም ከመጀመሪያው ለይ። ለራስህ መገልገያ ከሆነች ዘካ የለባትም። አሳድሰህ ለመሸጥ ከገዛሃት ግን የንግድ ዕቃ ናት፤ ኒሷብ ደርሶ ዓመት ሲሞላ በገበያ ዋጋዋ 2.5 በመቶ ዘካ አለባት። ጋራዥ ውስጥ ቆማም ቢሆን።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። በዚህ ዓመት የቡና ገንዘብ ብቻ ተደግፎ ያለ የለውን ሊያወጣ ለሚነሣ ወጣት መልሴ «አትግዛ» ነው። መኪናዋ ብዙ ዓመት ቆማለች፤ አንድ ዓመት ብትጨምር አትሞትም። አቅሙ ላለው፣ ጊዜ ለሚሰጥ፣ ሙያ ለሚወድ ደግሞ መጀመሪያ ወራሾቹን ሁሉ ፈልግ፤ ሁለተኛ ወለሉን እይ፤ ሦስተኛ ሂሳብህን አባዛ፤ ከዚያ ኢስቲኻራ ስገድና ወስን። ቅደም ተከተሉን አትገልብጥ። ወለሉን አይቶ ልቡ የተሸነፈ ሰው፣ ወራሽ ለመፈለግ ትዕግሥት የለውምና።

አላህ በሪዝቃችን በረካ ያድርግልን፤ ከሰው ሐቅም ይጠብቀን። አሚን።