የኮምፒውተር ቁልፍም እንደ ማኅተም በርክክብ ሊያዝ ይገባል

ዜና ሐተታ

አዳማ፤ ከቢሾፍቱና ከሞጆ አንስቶ በባቱ አልፎ እስከ ሻሸመኔ በተዘረጉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የመንግሥት አገልግሎት በኮምፒውተር መታገዙ የሶፍትዌር ባለሙያን ተፈላጊነት አሳድጎታል። በ2003 ዓ.ም የአሁኑን ስያሜ ያገኘው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በዘርፉ ባለሙያዎችን ከሚያሠለጥኑ ተቋማት አንዱ ነው።

እነዚህ ባለሙያዎች በብዛት ከሚገለገሉባቸው መድረኮች አንዱ እ.ኤ.አ በ2008 የተቋቋመው ጊትሀብ ሲሆን፣ የሶፍትዌር ኮድ የሚቀመጥበትና በጋራ የሚታረምበት ነው። ባለሙያው በድረ ገጹ ላይ ገጽ በገጽ ከመፈለግ ይልቅ፣ ከርልን በመሳሰሉ መሣሪያዎች ትዕዛዝ በጽሑፍ ሰጥቶ የሚፈልገውን መረጃ ብቻ ማምጣት ይችላል። ትዕዛዞቹ ስክሪፕት በሚባል ፋይል ሲሰባሰቡ ደግሞ ኮምፒውተሩ አዲስ እትም መውጣቱን በየዕለቱ ራሱ ይከታተላል። ሥዕልና ጌጥ የሌለው መረጃ ብቻ ስለሚመጣ አሠራሩ ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት አካባቢ ይጠቅማል።

ጉዳዩ የመንግሥትን ሥራ በቀጥታ ይመለከታል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በተሰኘው ሶፍትዌር ላይ ሲሆን፣ የሞሲፕ ኮድ በጊትሀብ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው።

ይሁንና መድረኩ ገደብ አለው። ማንነቱን ሳይገልጽ ለሚጠይቅ ሰው በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በሰዓት 60 ጥያቄ ብቻ ይፈቅዳል። ሠራተኞቹ ሁሉ በአንድ አድራሻ የሚወጡ መሥሪያ ቤት ይህንኑ 60 ይጋራሉ፤ የአንዱ ስክሪፕት ሲጨርሰው የሌላው ሥራ ይቆማል። ቶክን የተባለውን የምስጢር ቁልፍ የሚያቀርብ ተጠቃሚ ግን በሰዓት እስከ 5,000 ጥያቄ ይፈቀድለታል።

መድረኩ ለዚህ አገልግሎት በይለፍ ቃል መግባትን ከኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም ጀምሮ ስላስቀረ፣ ቶክን ዋነኛ መግቢያ ሆኗል። ቶክን ከመሥሪያ ቤት ማኅተም ጋር ይመሳሰላል፤ በእጁ ያስገባ ሁሉ በባለቤቱ ስም መሥራት ይችላል። ቶክኑን በስክሪፕቱ ውስጥ ጽፎ ስክሪፕቱን ለሕዝብ ክፍት ማድረግም ማኅተምን መንገድ ላይ ጥሎ እንደመሄድ ይቆጠራል። የመሥሪያ ቤቱ ኮድ በአንድ ሠራተኛ የግል ስም ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ፣ ሠራተኛው ሲለቅ ወይ ሥራው ይቋረጣል፣ ወይ በሩ ክፍት ይቀራል።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ኮዱን በተቋሙ ስም በተከፈተ ሂሳብ ማስቀመጥ፣ ለቶክን የሥልጣን ወሰንና የማብቂያ ቀን መስጠት፣ ከስክሪፕቱ ውጭ መጠበቅና የኮዱን ቅጂ በተቋሙ ሰርቨር መያዝ ያስፈልጋል። ሠራተኛ ሲለቅም ቶክኑ ተሰርዞ ጉዳዩ ከንብረት ጋር በርክክብ ቅጽ ሊሰፍር ይገባል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሥራ ላይ ባለበት ወቅት፣ የዜጎች መረጃ የሚያልፍበትን ሥርዓት ቁልፍ ያለ ተጠያቂ መተው አይቻልም።

በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ኮድ መጻፍ የሚችሉ ወጣቶችን ለማፍራት ያለመ ነው። ባለሙያው ስክሪፕቱን ይጽፋል፤ ቁልፉ የተቋሙ ሆኖ እንዲቀጥል ማድረግ ግን የኃላፊው ሥራ ነው።