የስፌት ልክ

ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የተሰፋ ልብስ በአገራችን ድሪቶ ይባላል፤ ስሙም ሲጠራ የድኅነት ምልክት መስሎ ይታያል። በአሜሪካ ግን እንዲህ ያለው የአልጋ ልብስ ከእናት ወደ ልጅ የሚወረስ የቤት ጌጥ ነው። ልዩነቱ ከጨርቁ አይደለም፤ ከሰፊዋ ትጋትና ከስፌቱ ልክ ነው እንጂ።

ሐሪየት ፓወርስ የተባለች ሴት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1837 ዓ.ም. በጆርጂያ ክፍለ ሀገር በባርነት ተወለደች። ከነጻነት በኋላ የአዳምንና የሔዋንን፣ የያዕቆብን ሕልም፣ የጌታችንንም ስቅለት በጨርቅ ቁራጭ ሥላ አንድ የአልጋ ልብስ ሰፋች። በ1886 ዓ.ም. በጥጥ ትርኢት ላይ ገዥ ቢመጣላት አልሸጥም አለች፤ ኋላ ግን ችግር ስለ ጸናባት በ1891 ዓ.ም. በ5 ዶላር ሸጠችው። ይኸው ልብስ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር በክብር ይጠበቃል። እንግዲህ የሴት የእጅ ሥራ በቸገረ ቀን የሚደርስ ገንዘብ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ወደ ስፌቱ እንመለስ። በዚያ አገር የተለመደው ልክ ከጨርቁ ጠርዝ እስከ ክሩ ሩብ ኢንች፣ ማለት ከ6 ሚሊሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። በአንድ ረድፍ 9 ቁራጭ ቢገጣጠም 8 ስፌት ይኖረዋል። እያንዳንዱ ስፌት 1 ሚሊሜትር ብቻ ቢሰፋ፣ ከግራም ከቀኝም ጨርቅ ስለሚበላ 2 ሚሊሜትር ይጎድላል፤ በ8ቱ ስፌት ጉድለቱ 16 ሚሊሜትር ይሆናል። በመዝገብ ላይ አንዲት አኃዝ ብትሳሳት ድምሩ ሁሉ እንደሚፋለስ ይህም እንደዚያው ነው።

አንዳንዶች «ስሕተቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ምን ይጎዳል?» ይላሉ። ረድፉ ሁሉ እኩል ቁራጭ ያለው ሲሆን እውነት ነው፤ ይገጥማል። ነገር ግን አንዱ ረድፍ 3፣ ሌላው 9 ቁራጭ ያለው እንደ ሆነ ወጥነት ብቻ አያድንም፤ ልኩም እውነተኛ መሆን አለበት።

ልክን ለመፈተን ወርዳቸው አንድ ኢንች ተኩል የሆነ 3 ጥብጣብ ጨርቆችን ጎን ለጎን ሰፍቶ በካውያ መተኮስ ነው። ጠቅላላው ወርድ ሦስት ኢንች ተኩል፣ የመካከለኛው ጥብጣብ ወርድ ልክ 1 ኢንች ከሆነ ስፌቱ ትክክል ነው። ከዚህ ካነሰ ስፌቱ ሰፍቷልና ወደ ጠርዙ ማስጠጋት ይገባል። የጨርቁ መታጠፍ ራሱ ጥቂት ስለሚበላ፣ ብልኆች ከሩብ ኢንች አንድ ክር ያህል አሳንሰው ይሰፋሉ።

የስፌት መኪና ያላት እመቤት ከመርፌው ጀምራ በማስመሪያ ትለካና በመኪናው ወለል ላይ ወፍራም ወረቀት ትለጥፍ፤ ስትሰፋም ዓይኗ ከመርፌው ላይ ሳይሆን ጨርቁ ወረቀቱን ከሚነካበት ላይ ይሁን። ጨርቁ በድሩና በማጉ አቅጣጫ ይቆረጥ፤ በአግድመት ሰያፍ የተቆረጠ ይሳባልና። ካውያውም ከላይ ይጫን እንጂ ወዲያና ወዲህ አይጎተት። ሁለት ረድፍ ሲጋጠም የአንዱ ስፌት ወደ ቀኝ፣ የሌላው ወደ ግራ ቢተኛ ማዕዘኑ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ በእስፒልም ይጠበቅ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ባዕድ ትምህርት አይደለም። የሸማ ሁለት ክንፍ ሲጋጠም ጥለቱ ከጥለቱ ካልገጠመ ልብሱ እንደማያምር እናቶቻችን ያውቃሉ። ስለዚህ ከልብስ ሰፊ የሚተርፈውን ቁራጭ አንጣል፤ ሴቶች ልጆቻችንም አስቀድመው መለካትን፣ ቀጥለው መቁረጥን፣ በመጨረሻም መስፋትን ይማሩ። በልክ የተሰፋ ልብስ በብርድ ሌሊት ሕፃን ያሞቃል፤ በችግር ቀንም ዋጋ ያወጣል።